የዋንዛው ዝናብ፣ በቅርብ ሲታይ

የካቲት ላይ ነው። የሚዛን ተፈሪ ሰማይ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ቡናው የሚያብብባትን አንዲት ካፊያ ይጠብቃል፣ ካፊያዋ ግን የለችም። እንዲህ ባለው ጊዜ ነበር ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአቶ ባዘዘው የቡና ማሳ ውስጥ ያለው ዋንዛ ብቻውን መዝነብ የጀመረው። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፤ ዋንዛው ያካፋል።

ወሬው በባጃጅ ከተማ ገባ። ሰው “ጠበል ነው” ብሎ ሳፋና ሃይላንድ እየያዘ ወደ ዛፉ ጎረፈ። ቄሱም ፓስተሩም “እኛ የምናውቀው ነገር የለም” አሉ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልተገኘም።

ለፎቶ አንሺው ለይትባረክ ነገሩ የደንበኛ ማሳቂያ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ውሃውን አምነው የስኳር ኪኒናቸውን ባያቆሙ ኖሮ።

“እማዬ፣ ነርሷ ምን ነበር ያለችሽ?”

“ረድኤት ገና ልጅ ናት። ይኼን ሁሉ ዘመን ኪኒን ስቅም እግሬ ላይ ያለው ቁስል መች ደረቀ?”

“እሺ ውሃውን ጠጪ። ኪኒኑንም ዋጪ።”

“ሁለቱን አንድ ላይማ መጠራጠር ነው” አሉት፣ የሃይላንዱን ክዳን እያጠበቁ።

ይትባረክ የሙሽሮችን ብጉር በኮምፒውተር እያጠፋ የሚኖር ሰው በመሆኑ፣ ሕዝብ ዓይኑን ትቶ ፎቶ እንደሚያምን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ የቃል ኪዳን ቀለበት በቅርብ የሚያነሣባትን ሌንስ ካሜራው ላይ ገጥሞ፣ የአቶ ባዘዘውን መሰላል ለምኖ ዋንዛው ላይ አስደገፈ።

“ወንድም! በጫማህ ነው እንዴ የምትወጣው?” አለች ከታች አስካለች፣ የመጀመሪያውን ውሃ ለእናቱ ያመጣችው ጎረቤት። ጫማውን አውልቆ ወጣ።

እላይ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። በበጋ ጫካውን ሲያንጫጩ የሚውሉት ነፍሳት፣ የዛፍ ጯሂዎች፣ ቅርንጫፉን ሞልተውታል። ሲጠጋቸው ሁሉም ጸጥ አሉ፤ እሱም ትንፋሹን ዋጠ። ቆይተው ጀመሩ። ሌንሱን አንዷ ላይ አቀረበ። የአውራ ጣት ግማሽ የማታህል ፍጥረት! ዓይኖቿ ከግራና ከቀኝ አፍጥጠዋል፣ በመሃላቸው እንደ ጨሌ የተሰኩ ሦስት ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ፤ ክንፏ የመስኮት መስታወት ሆኖ ሥሩ ሁሉ ይታያል። አፏን እንደ መርፌ ቅርፊቱ ውስጥ ሰክታ የዋንዛውን ውሃ ትመጥጣለች። ድንገት ጭራዋን ብድግ አደረገች። ጥርት ያለች ጠብታ ተፈናጠረች፣ ፍላሹም ቦግ አለ።

ጠብታዋ አስካለች ግንባር ላይ አረፈች።

“ተመስገን!” አለች አስካለች።

ይትባረክ ፎቶውን ሰፌድ አሳክሎ አጠበና እናቱ ፊት አቆመው። “ይኸውልሽ። ዝናብ አይደለም። የነፍሳት ሽንት ነው።”

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ፎቶውን ከጥግ እስከ ጥግ በጣታቸው ዳበሱት። ይትባረክ ኪኒኑን በአንድ እጁ፣ ንጹሕ ውሃ በሌላው ይዞ ይጠብቃል።

“ይቺን ዓይን ማን ሠራት?” አሉ በመጨረሻ።

“እማዬ፣ ዓይኗን ተይው። ከኋላዋ የሚወጣውን እይው።”

“አየሁት። አንተ ማር ስትልስ ነው ያደግኸው። ንብ ማሩን ከየት በኩል እንደምታወጣው ጠይቀህ ታውቃለህ?”

በማር አገር ተወልዶ፣ በማር አገር ያደገው ይትባረክ የያዘውን ውሃ ራሱ ጠጣው። እናቱ ፎቶውን ተሳልመው አልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ቆመ። “አንድ ለእኔ፣ አንድ ጌጫ ላለችው እህቴ” ትላለች አስካለች ከፊት ሆና። “አላጥብም!” ብሎ በሩን ዘጋ። ምን ዋጋ አለው፤ አስካለች እናቱን ልጠይቅ ብላ ገብታ ራስጌው ላይ ያለውን በሞባይሏ አንሥታዋለች። ሳምንቱ ሳያልቅ የእሱ ፎቶ፣ ሌላ ፎቶ ቤት ታጥቦ በላስቲክ ተለብዶ፣ የባጃጅ መስታወት ላይ ሲወዛወዝ አየው። ክንፏን ለማሳመር ብለው ቀለም ጨምረውበታል።

የእናቱ ቁስል ግን ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። ረድኤት ቤት ድረስ መጥታ እግራቸውን አይታ፣ ይትባረክን ወደ በረንዳው ጠራችው። “መድኃኒት ካልጀመሩ እግራቸውን ያጣሉ” አለችው። “በግድ አላስውጣቸው ነገር።”

አንድ ተስፋ ቀረችው፤ ነፍሳቱም ማለቃቸው አይቀርም። እውነትም መጋቢት ላይ ዋናው ዝናብ መጣ፣ ቡናው አበበ፣ ጯሂዎቹ ዝም አሉ፣ ዋንዛው ደረቀ። ይትባረክ በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። እናቱን ደግፎ በባጃጅ ዛፉ ሥር ወሰዳቸው፣ በዓይናቸው እንዲያዩ። ቅርፊቱ ላይ የቀረው ነፍሳቱ አውልቀውት የሄዱት፣ በእግሩ እንደ ቆነጠጠ የደረቀ ባዶ ቆዳ ብቻ ነው።

“አየሽ? አለቀ። በቃ፣ አሁን ኪኒንሽን...”

“አላለቀም” አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። ዛፉን ሳይሆን እሱን ነው የሚያዩት። “ሸሽተው ነው። ዓይናቸው ላይ እሳት ስታበራባቸው ምን ያድርጉ?”

“እማዬ! ወቅታቸው ነው ያለፈው!”

“እትዬ የዓለምዘርፍ እውነታቸውን ነው” አለች ሳፋዋን ልታነሣ የመጣችው አስካለች። “ከዚያች ፎቶ ወዲህ እኮ ነው የቀነሰው።” ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይትባረክ ምድር ላይ ተንበረከከ። ስለ እግራቸው፣ ረድኤት ስላለችው፣ ሁሉንም ነገራቸው። ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋላቸው።

እናቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፈው መዳፉን ዘጉለት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። “አልተቀየምኩህም፣ ልጄ። ሳታውቅ ነው” አሉት። ከዚያ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ያመማቸውን እግር በሁለት እጃቸው አንሥተው ሥሩ ላይ አስተካከሉት፣ ጀርባቸውንም ለግንዱ ሰጡ። “ፀሐይ በርታ ስትል ይመለሳሉ። አንተ ብቻ ራቅ በል፣ አያዩህ።”

ራቅ አለ። ቡናው መሃል ሆኖ ያያቸዋል።