ዜሮ ጊዜ ማንኳኳት

በሰባ ዓመተ ምሕረት ክረምት ጉለሌ ላይ የዘነበው ዝናብ አህያ ከነጭነቷ ከእንጦጦ አንስቶ ዊንጌት ያወርድ ነበር። ውሸት ካላችሁ አህያዋን ጠይቁ። የሬድዋን ነገር ግን እውነት ነው።

ሬድዋን የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማሪ ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ሲፈልጉት አክስቴ ዘሀራ ከሱቋ ጓዳ፣ ከጨው ጆንያ ኋላ ደበቀችው። የቆርቆሮ በራችንን ምስጢራዊ ምት ያወጣው እሱ ነው። በመዳፍ “ጧ”፣ በጥፍር “ቂ”።

“ፊደላችን ሁለት፣ ቃላችንም ሁለት” አለኝ። “ጧ-ቂ-ቂ፣ ወይም ቂ-ጧ። አንዱን ከሌላው ብትቀጥል፣ ያሻህን ያህል ብትደጋግም ከቋንቋው አትወጣም። ዝግ ነው። በግን ከበግ ብታራባ ፍየል ይወለድልሃል?”

“ዜሮ ጊዜ ብደግመውስ?” አልኩት፣ ላናድደው።

“እሱም ቃል ነው። ባዶው ቃል።”

“ታዲያ ሳያንኳኳ ለሚያልፈው ሁሉ በር ልክፈትለት? እኔስ ከሰባተኛ ክፍል መውጣቴ በጀኝ!”

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬድዋን የታመመች እናቱን ሊያይ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ እየሮጠች ገባችና በሩን ቀረቀረችው።

“ኑሪ፣ ሸፊን ይዘውታል!” ሸፊ ለሬድዋን ዳቦ የሚያመጣለት የራሳችን ሰው ነው። “ምቱን ነግሯቸዋል። ቤቱን ግን አላሳየም። በየበሩ እየመቱ ነው። ማነው ሳይል የከፈተ...” ጣቷን በጉሮሮዋ ላይ አሳለፈችው።

በቃ፣ ተጠመድን። በውላችን “ማነው?” ማለት ለሬድዋን “ሽሽ!” ማለት ነው። መንገዱ ሁሉ ጠመንጃ ሆኖ ወዴት ይሽሽ? ዝም ብለን ከከፈትን ደግሞ ሁላችንም አለቀልን።

ጧ-ቂ-ቂ።

አክስቴ እጇን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደች። ያዝኳት።

“ልጁ ቢሆንስ?” አለች በሹክሹክታ።

“ባይሆንስ?”

ጧ-ቂ-ቂ፣ ቂ-ጧ። አቀጣጠሉ ልክ ነው። ልቤ ስትመታ ጳውሎስ ድረስ ሳትሰማ አልቀረችም።

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። “ማነው እሱ? ሱቁ ዝግ ነው፤ አሞኛል!”

 ከውጭ አንድ ሻካራ ድምፅ መጣ፦ “እዚህ አይደለም። ቀጥል!”

የጎረቤትን በር ሲመቱ፣ ከዚያም ሲርቁ ሰማን። ትንፋሼን ሳልጨርስ፣ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ሁለት ጭቃ የለበሱ ጫማዎች አየሁ። አያንኳኩም፣ አይናገሩም፣ አይሄዱም።

“ሰው ጥለውብናል” አለች አክስቴ፣ ክንዴን ጨምድዳ። “ወላሂ እንዳትነካው!”

እጄን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፍኩ። የነሱ ሰው ቢሆን ምቱን ያውቀዋል፣ ይመታዋል። ሰላይም ቢሆን እግሩን ደብቆ ያደምጣል እንጂ እንዲህ አይገተርም። ሳያንኳኩ ማንኳኳት አለ ብሎ የሚያምን እብድ በዚህች ከተማ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ስቄበት ነበር።

“ኑሪ፣ ተው!”

ከፈትኩት።

ሬድዋን ውኃ እያንጠባጠበ ተወርውሮ ገባ። አክስቴ በሩን መልሳ ቀረቀረች፤ ከዚያ እዚያው በሩ ሥር ዘጭ አለች።

“በየጎረቤቱ የኛን ምት ሲመቱ ሰማኋቸው” አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። “ያላወቁት አንድ ቃል ብቻ ቀረኝ።”

ከዚያ አፈጠጠብኝ።

“አንተ ደንቆሮ! ይሄን ያህል ሳንኳኳ አትሰማም?”