ቁስሉ እስኪደርቅ

ታፔላ ጻፊው መንጋጋ ጥርሱን ባስነቀለ ማግስት ሥራ ሲገባ ጉንጩ አብጦ፣ አፉ ጥጥ ጎርሶ ነበር። ሐኪሟ ሳምንት ሙሉ መጠጥ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ፣ ቁስሉ ከደማ ወይም ካመረቀዘ ጣጣው ብዙ እንደሆነ አስጠንቅቃዋለች። ይህን ለብየዳ ሠራተኛው፣ ብልጭታ ለሚሉት ወዳጁ፣ በምልክት ጭምር ሲያስረዳው ሰውየው ከልቡ አዘነ። እናቱ ለሞተችበት ሰው እንኳን እንዲያ አይታዘንለትም። ከዚያ ጠመኔ አንስቶ የሚሠሩበት ወርክሾፕ የብረት በር ላይ ሰባት መስመር አሰመረና በየቀኑ አንድ አንዱን እየሰረዘ፣ አይዞህ ይህን ያህል ቀረህ ይለው ጀመር።

ታፔላ ጻፊው ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከወርክሾፑ ጎን ካለው መጠጥ ቤት ጎራ ሳይል ወደ ቤቱ የገባባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መጀመሪያ ነገሩ ሁለት ቢራ ነበር፤ በኋላ ቁጥሩን የሚያውቀው አሳላፊው ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ትልልቁን ፊደል እየጻፈ ደቃቁን ለሌላ ሰው ይተዋል። በአራተኛው ቀን ግን አንድ የፋርማሲ ታፔላ ላይ ብሩሹን ሲያሳርፍ እጁ ጸናለት። የጣት ጥፍር የማያክለውን የስልክ ቁጥር ያለ ማስመሪያ ጽፎ ጨረሰ። ወደ ኋላ ብሎ አየው፤ ያን የሚያህል ጎልማሳ በፋርማሲ ስልክ ቁጥር ሲያለቅስ እንዳይታይ ቀለም ፍለጋ ብሎ መጋዘን ገባ። እዚያው ቆርቆሮዎቹ መሃል ቆሞ፣ ከእንግዲህ በቃኝ አለ።

ችግሩ፣ በቃኝ ሲል የመጀመሪያው አልነበረም። አምስት ጊዜ ትቷል። አምስቱንም ጊዜ በአደባባይ፣ በመሐላ፤ አምስቱንም ጊዜ ሦስተኛውን ቀን ሳያይ። ወርክሾፑ ውስጥ ሲጋራ አቆምኩ የሚል ሰው ሁሉ፣ እንደ ታፔላ ጻፊው ነው ወይስ የእውነት ተብሎ ይጠየቃል።

የዚያኑ ዕለት ለሚስቱ ነገራት። ሸሚዙን እየተኮሰች ነበር።

«እኔ እኮ መጠጥ ትቻለሁ» አላት።

«እሺ፣ ብቻ ቁስልህ ይዳንልህ» አለችው ቀና ሳትል፣ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ።

ክፋት ኖሯት አይደለም። አምስቱንም ጊዜ ያመነችው እሷ ብቻ ነበረች፤ አሁን እምነቷ ተሟጧል። እሱ ግን የራሱን ሥራ ረስቶ ተቀየማት።

በሰባተኛው ቀን ከምሳ በፊት ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ሐኪሟ አፉን አይታ፣ ቁስሉ ደህና አድርጎ ድኗል አለችው። ሌላው ሰው ደስ የሚለው በዚህ ነው፤ የእሱ ፊት ጠቆረ። ከጎኑ ያለውንም ጥርስ እንድትነቅልለት ለመናት። በመስታወቷ እጀታ ቆርቆር አድርጋ፣ ይህ ጥርስ ምንም አልሆነም አለችው። እንግዲያውስ ለአንድ ወር መጠጥ የሚከለክል ወረቀት ትጻፍለት። ፈገግ አለች።

«ላለመጠጣት የእኔ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል? አልጠጣም ይበሏቸው፣ አለቀ።»

አለቀ! ነጭ ጋውን ለብሶ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። እሷ ብልጭታን የት ታውቀዋለች።

ሥራ ሲያልቅ ብልጭታ የመጨረሻዋን መስመር በእጅጌው ጠርጎ፣ ክንዱን ይዞ እየጎተተ ወሰደው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ የወርክሾፑ ሰው በሙሉ፣ አሠሪያቸው ሳይቀር፣ ጠረጴዛ ገጥሞ ይጠብቀዋል። ለእሱ ሲሉ የመጡ ናቸው። መቼም ይወዱታል፤ የከፋውም ይኸው ነው። ቢጠሉት ትቷቸው መውጣት ይችል ነበር።

የተቀዳለትን ብርጭቆ ሳይነካ ቆመ።

«እኔ ትቻለሁ» አላቸው። «የእውነቴን ነው።»

መጀመሪያ አሠሪያቸው ሳቀ፣ ሁሉም ተከተሉት። ብልጭታ እንባውን እየጠረገ፣ ስድስተኛው ነው፣ ጻፉልኝ አለ። አንዳቸውም ሊጎዱት ብለው አልሳቁም። ብቻውን ፊቱን አጨፍግጎ መቆሙ አሳፈረውና እሱም አብሯቸው ሳቀ። ያኔ ነው ያበቃለት። የመጀመሪያውን በቁሙ ጨለጠው፣ ሁለተኛውን ተቀምጦ፣ የቀረውን አሳላፊው ያውቃል።

እንድትጮህበት እየተመኘ ቤቱ ደረሰ። ብትሰድበው፣ ብታለቅስበት፣ አንድ ነገር ይዞ እንደነበርና እንደጣለው ቢያንስ አንድ ሰው አወቀለት ማለት ነው። ሚስቱ በሩን ከፈተች። ትንፋሹ ሸተታት፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«ዳነልህ ማለት ነው» አለችው። «እንኳን እግዜር ማረህ።»

ራቱን ልታሞቅለት ወደ ኩሽና ገባች።