ገመድ የተዘረጋበት ጓሮ

ተክሌ የሚባለው የእርሻ አስተማሪ ከበቅሎው ኮርቻ ሥር የተጠቀለለ ገመድ ሲፈታ ቦጋለች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የጎመኑን ችግኝ አይታለች፤ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ መጥቷል። የሽንኩርቱንም ዘር ዘግና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ገመድ ይመጣል ያላት ግን አልነበረም።

ዕለቱ ሚካኤል ነበር። በቤተ ልሔም ደብር ዙሪያ በሚካኤል ቀን ሞፈር የሚይዝ፣ ዶማ የሚያነሣ የለም። ተክሌም የጓሮ አትክልት ትምህርቱን በዚህ ቀን ያደረገው ሰው ሁሉ ከሥራ ውሎ ነፃ ነው ብሎ ነው። ቅስናም ያላቸው መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ፈቅደውለታል። "መማር ኃጢአት የለበትም፤ አፈር ብቻ እንዳትነኩ፤ ቁፋሮው ለነገ ይደር" ብለው። ከቅዳሴ መልስ ሴቱም ወንዱም ነጠላውን እንዳጣፋ የቦጋለችን ጓሮ ሞላው።

ጓሮው ነገር ያለበት ጓሮ ነው። ፍግ የጠገበ፣ የምንጭ ውሃ የሚደርሰው ጥቁር አፈር ነው። ባሏ አስማረ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ይግዛው "የአባቴን ርስት ባዕድ ሴት አትበላውም" እያለ ሽማግሌ ሲያመላልስ ከረመ። እሷም "የአስማረ ልጅ እያለች ማን ይነካዋል" ብላ አንድ ልጇን ይዛ ተቀመጠችበት። ሽማግሌዎቹ እስከ ፋሲካ ማንም መሬቱን እንዳይለካ፣ ማንም የወሰን ድንጋይ እንዳያነቃንቅ ሁለቱንም አስማሏቸው። ቦጋለች ጓሮዋን ለትምህርቱ የሰጠችው ሽንኩርት አብቅላ፣ አርብ ገበያ አውጥታ፣ ልጇን ልታሳድግበት ነው። ደግሞም አገር ሁሉ እሷን ባለቤት አድርጎ አንድ ቀን ከዋለበት፣ ዓይኑ ይለምደዋል ብላ አስባ ነበር። ይህን ግን ለወንድሟ ለፈንታ እንኳ አልነገረችውም።

"ጌታው፣ ያለ ገመድ አይሆንም?" አለችው አስተማሪውን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"መስመር ያለ ገመድ ከየት ይመጣል፣ እመት ቦጋለች? ሽንኩርት እንደ ጤፍ አይበተንም።"

"በዓይን ግምት ቢሆንስ?"

"በዓይን ግምትማ እስከ ዛሬስ አላችሁ አይደል።" ሣቀና የገመዱን ጫፍ ዘረጋላት። "በሉ ይያዙልኝ።"

እጇን ሰበሰበች። ጎረቤቷ ማሬ ከሴቶቹ መካከል "ያዢለት እንጂ፤ እባብ አደረግሽው እኮ" አለች። ሰው ሣቀ። ቦጋለች እንግዳ ማሳፈሩ ከበዳትና ያዘችው።

በዚያ አገር ገመድ የሚዘረጋው መሬት ሲቆረስ ነው። ጫፉን የያዘ ወሳጁ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ፣ ቀላድ ጣይ መጥቶ የሰውን ርስት ሊለካ ነው የሚል ወሬ ዓባይን ተሻግሮ በየገበያው ይናፈስ ነበር። ዶማ ቢነሣ፣ ችግኙ ወዲያው አፈር ቢገባ፣ ሰው ነገሩ ተከላ መሆኑን ባየ ነበር። ቀኑ ግን ሚካኤል ነው፤ ቁፋሮ የለም። ፈንታ ችካሉን በመጥረቢያው ማጀራት ይመታል፤ አስተማሪው በስንዝር እየለካ ይቆጥራል፤ ቦጋለች ጫፉን ይዛ ቆማለች። ሳቁ እየሳሳ ሄደ። አንድ ሽማግሌ "ይኼ ልኬት ነው" አለ በለሆሳስ። ቃሉ ካፍ ወደ አፍ አለፈ፤ የሚካኤል ጽዋ ወደሚጠጣበት ወደ ታችኛው ግቢም ወረደ።

ይግዛው እዚያ ነበር። በበሩ አልዞረም፤ አጥሩን ጥሶ ገባ። ሽመሉን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሦስት የአጎቱ ልጆች ከኋላው አሉ።

"መሐላሽን በላሽ" አላት። ዓይኑ ገመዱ ላይ ነው።

"ይግዛው፣ ለሽንኩርት ነው፤ በሚካኤል..."

"ሽንኩርት በገመድ ሲበቅል የት አየሽ?"

ተክሌ ሊያስረዳ መሐል ገባ። ሽመሉ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰማ። በጉልበቱ ወደቀ፤ ደሙን እየተፋ "ጎመን ነው፤ ጎመንና ሽንኩርት" ይል ነበር፤ አንደኛው የአጎት ልጅ ግን ጎኑን ረገጠው። በቅሎዋ ደንብራ ችካሉን ነቅላ ወጣች።

ፈንታ በመጥረቢያው ማጀራት የይግዛውን ትከሻ አለው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የለየ የለም። ከወዲህ የቦጋለች ዘመዶች፣ ከወዲያ የይግዛው፣ የአጥሩን እንጨት እየነቀሉ ተፋለጡ። የአንዱ ክንድ ተሰብሮ ተንጠለጠለ። ሌላው ዓይኑን ይዞ በአራት እግሩ ዳኸ። ዘንድሮ ያበቀለችው ጎመን እየተረገጠ ጭቃ ሆነ። መሪጌታ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው "ገዝቻለሁ፤ በአምላክ ቃል ገዝቻለሁ" ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

ይግዛው የፈንታን ጉልበት መታው፤ ፈንታ ተንበርክኮ ተነሣና ግንባሩን በማጀራቱ አለው። ይግዛው ጎመኑ መሐል በጀርባው ተዘረጋ። ሽመሉ ከእጁ ወጣ። ፈንታ መጥረቢያውን በእጁ አገላበጠና ስለቱን ወደ ታች አደረገ።

ቦጋለች ያን ጊዜ ሁሉንም አየችው። ይግዛው ከሞተ ፈንታ ጫካ ይገባል። ደመኛ ቤቷን ይከባል። ጓሮው ለጉማ፣ ለደም ካሳ ይሄዳል፤ ልጇ ሰው ደጅ ገረድ ትሆናለች። ገመዱን ጥላ ሮጠችና ይግዛው ላይ ተደፋች፤ ቀኝ እጇን ራሱ ላይ ጋረደች።

መጥረቢያው ወርዶ ነበር።

እጇ መጀመሪያ አላመማትም። ሙቀት ብቻ ነው የተሰማት። ቀና ስትል ፈንታ መጥረቢያውን ጥሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ የሁለት ጣቶቿም ቦታ ባዶ ነው። የመሪጌታ ግዝት ያን ጊዜ ተሰማ፤ ሰዉም አንድ በአንድ እንጨቱን ጣለ።

ይግዛው ከሥሯ ሆኖ በደም በተሸፈነ ዓይኑ ያያታል። "ለምን ገባሽ?" አላት።

"ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ" አለችው። "እጓሮዬ ውስጥ እንዳትሞትብኝ ነው።"

በፈላ ቅቤ እጇን ሲተኩሱላት ራሷን ሳተች። ማሬ ጣቶቹን በጨርቅ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ልታስቀብር ፈለገቻቸው፤ ያ ሁሉ እግር የረገጠው ጭቃ ውስጥ ግን አልተገኙም። አስተማሪው አፉን ተሸፋፍኖ በማግስቱ በቅሎው ላይ ወጣ፤ ገመዱን ዞሮም አላየው።

ቁስሉ መጠገግ ሲጀምር ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጠ። ፈንታ እንደ አገሩ ሥርዓት ድንጋይ ተሸክሞ ይግዛው ፊት ተንበረከከ። ይግዛው ግንባሩ እንደታሰረ ቁልቁል አየው። "እኔ እርቅ አልጠላም" አለ በመጨረሻ። "ጓሮዬን ግን አልተውም።"

መሪጌታ ጢማቸውን አሹ።

"መልካም" አሉ። "የዚች ሴት ሁለት ጣቶች እዚያ አፈር ውስጥ አሉ። ያንተን ራስ ሊጋርዱ የገቡ ጣቶች ናቸው። ቆፍረህ አውጣና መልስላት፤ ከዚያ ጓሮውን ውሰድ።"

ቦጋለች የታሰረ እጇን ነጠላዋ ሥር ደበቀች። ይግዛው አንድ ጊዜ ወደ እሷ፣ አንድ ጊዜ ወደ መሬት አየ። ከዚያ ተነሣና ድንጋዩን ከፈንታ ትከሻ ላይ አወረደ። አልጣለውም። ተሸክሞት ቁልቁል ወረደ፤ ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። ከጓሮው ወዲያ፣ ከራሱ ማሳ ዳር፣ የወሰን ድንጋይ አድርጎ ተከለው።

ቦጋለች የቋጠረችውን ዘር በግራ እጇ ዘራች። ሽንኩርቱ በቅሎ ጣት ሲያህል ይግዛው በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ በዚያ አለፈ፤ ከድንጋዩ ወዲያ ቆመ።

"መስመርሽ ጠሟል" አላት።

"ገመዱ ቤት ውስጥ አለ። ጫፉን ትይዝልኛለህ?"

ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"እኔ ገመድ አልይዝም" አለና በሬዎቹን ነዳ።