አርብ የዋለች ፍልሰታ

ዘሊካ ታሂር እንግዶቿን በቀን አሥር ጊዜ ትቆጥራለች። ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ ውሃ ሲጠጡ፣ አንዱ ቁጥቋጦ ፍለጋ ፈንጠር ሲል፣ ብቻ ፋታ ባገኘች ቁጥር በዓይኗ ትለቅማቸዋለች። ሰው ይዞ ገደል መውረድ ቀልድ አይደለም። ያን አርብ አሥራ አንድ ነበሩ። ትምህርት ቤት በተዘጋበትና መንገዱም ትንሽ ሰላም ባገኘበት ሰሞን፣ ከዞብል ተራራ ሥር ያለውን የቀይ ገደል ፏፏቴ አይተን እንመለስ ብለው ከወልድያ የመጡ መምህራን ናቸው።

የቀይ ገደል ነገር እንዲህ ነው። የቆቦን ሜዳ አቋርጦ የሚመጣው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ገደሉ አፍ ሲደርስ ግን ከድንጋይ ሥር ምንጭ ይፈልቅና የሦስት ሰው ቁመት ያህል ወርዶ ኩሬ ይሠራል። በቆላው ሙቀት እዚያ ኩሬ ውስጥ እግሩን የነከረ ሰው ዓለሙን ይረሳል። ችግሩ መግቢያውም መውጫውም አንድ መሆኑ ነው። ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ የቆመ ቀይ ድንጋይ ነው፤ አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ የሾላ ሥር እየታከከች ወደ ላይ ትወጣለች። ጤነኛ ሰው በሩብ ሰዓት ይወጣታል፤ ምሳ የበላ መምህር ደግሞ በአላህ ፈቃድ።

ጎርፉም ከዚያ አይነሣም። ከምዕራብ ካለው ደጋ ነው የሚነሣው። እዚያ ዶፍ ሲወርድ ቆቦ ላይ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ሽቅብ አንጋጦ ደመና የሚፈልግ እንግዳ አንዲት ነገር አያይም። ውሃው ሜዳውን ሰንጥቆ ድንገት ሲመጣ ደራሽ ይባላል። የራያ ገበሬ ደራሽን አይረግመውም፤ ይጠብቀዋል እንጂ። በጠለፋ፣ በአፈር ክትር ማለት ነው፣ ከወንዙ እየመለሰ ማሽላውን የሚያጠጣው በሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ወራት ከወንዙ ራስ ጀምሮ ዳር ዳሩን ሰው ይቆማል። መጀመሪያ ያየው «ደራሽ!» ብሎ ይጮሃል፤ ከሱ በታች ያለው ይቀበለዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ድምፁ ከውሃው ቀድሞ ገደሉ አፍ ይደርሳል። የመጨረሻው ጠለፋ ላይ የሚቆመው የውሃ አባት፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው ማለት ነው፣ የዘሊካ አባት ታሂር ነው።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ ነግራው ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ ሰው ይዤ ቀይ ገደል እወርዳለሁ። ጆሮዬ እናንተ ላይ ነው።»

«ለማሽላ ስንጮህ የኖርን ሰዎች ለልጃችን እንሰስታለን?» አለ አካፋውን እየጠረገ። «ሂጂ፣ አብሽሪ። እኔ ሳልጮህ ውሃ አያልፍም፣ ኢንሻአላህ።»

በዚህ ቃል ተማምና ነው የወረደችው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቃል ሌላ የተማመነችበት ነገር አልነበረም፤ ስልክ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለውም።

ሰባት ሰዓት አልፏል። መምህራኑ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ኩሬው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ሒሳብ አስተማሪው ሰለሞን ኩሬው መካከል ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በስልኩ ፏፏቴውን ይቀርጻል። ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርጽም፤ የዜና አንባቢ ድምፅ አውጥቶ ያብራራል። በዕድሜ ጠና ያሉት መምህርት መቅደስ ዳር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ነክረዋል።

«አይ የኔ ነገር» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ኪዳነ ምሕረት ዛሬ ነግሣ፣ አገር ሁሉ ታቦት አጅቦ፣ እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን አጥባለሁ።»

ዘሊካ የምሳውን ሳጥን ልትከፍት ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ዛሬ ነው እንዴ ፍልሰታ?»

«ዛሬ ነዋ! ነሐሴ አሥራ ስድስት አይደለም? ግን አርብ ስለዋለች ይኸው ዛሬም የጾም ምግብ ነው የምንበላው።»

ዘሊካ ሳጥኑን ትታ ቀና አለች። የወንዙን ጥበቃ ሥርዓት ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። አርብ ቀን፣ ታሂርና የሱ ወገኖች ጁምዓ ሲሄዱ፣ የማሳ ጎረቤቱ ጋሽ ሞላና የክርስቲያኑ ወገን ወንዙን ይጠብቃሉ። ታቦት በሚነግሥበት ቀን ደግሞ ሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና ታሂር ይጠብቃል። ይህን ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም፤ ማንም ማንንም አደራ ብሎት አያውቅም። ሁሉም የሌላውን ቀን ያውቃል፣ በቃ። ፍልሰታ አርብ ላይ ስትውል ግን ታሂር ሞላ አለ ብሎ ይሄዳል፣ ሞላ ታሂር አለ ብለው ይሄዳሉ። ሁለቱም እርስ በርስ ከመተማመናቸው የተነሣ ወንዙ ዳር ውሻ እንኳ አይኖርም።

ስልኳን አየች። ሰባት ከሩብ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ሰው በሰው ላይ የሆነበት ሰዓት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጥ፣ ዝምታውን እንደ ደህና ወሬ ስትቆጥረው ነበር። አሁን ያው ዝምታ አስፈራት።

«ተነሡ!» አለች። «ሁላችሁም! አሁኑኑ ወደ ላይ እንወጣለን!»

ሰለሞን ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሰማዩን አየ። አንድ ጭራሮ የምታህል ደመና የለችም።

«ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም። ዝም ብላችሁ ውጡ።»

«ምንም ካልተገኘ ለምን እንወጣለን?» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ጎበዝ፣ ይቺ ልጅ ያቺ አይደለችም እንዴ? የሌለ ጎርፍ ያባረራት?»

ሳቁ ገደሉን ሞላው። ዘሊካ ፊቷ ጋለ። ባለፈው ወር ሰዎች ይዛ ወርዳ ሳለ ከሩቅ ጩኸት ሰማችና እንግዶቿን እያዋከበች አወጣቻቸው። ጩኸቱ የሰርግ ሆኖ ተገኘ። አንዱ አላፊ አግዳሚ ጫማዋ ወልቆ ስትሮጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀባት፤ ጎብዬና ሮቢት ድረስ ካፌ ለካፌ ተሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ስልኳ አልጮኸም ነበር። እነዚህ መምህራን ናቸው ስሟን የሚመልሱላት። አሁን ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ ብታዋክባቸው፣ ቀይ ገደልን ለሌላ አስጎብኚ ትታ ቤቷ መቀመጥ ነው።

ለሁለት ትንፋሽ ያህል አመነታች። ከዚያ የምሳውን ሳጥን ብድግ አድርጋ ጭንቅላቷ ላይ ጫነችና መንገዱን ተያያዘችው።

«ምሳ የሚበላው ላይ ነው!» አለች ሳትዞር።

እዚህ ላይ ብልሃቷን ማድነቅ ይገባል። አሥር ሰው ያጉረመርማል፣ ይሳደባል፣ ግን ጫማውን አጥልቆ ይከተላል። መምህርት መቅደስ እንኳ ነጠላቸውን አሸርጠው፣ በየእርምጃው እመቤቴን እየጠሩ ወጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘሊካ ሳጥኑን አውርዳ ቆጠረች። አሥር። እንደገና ቆጠረች። አሥር።

ሰለሞን አልተነሣም። ድንጋዩ ላይ ቆሞ አሁን እሷን ነበር የሚቀርጸው።

ሌሎቹን «ውጡ፣ እንዳትቆሙ!» አለችና ተመልሳ ወረደች። ስትወርድ አያቷንም፣ ፈጣሪዋንም፣ ሰለሞንንም በየተራ ጠራች፤ ሰለሞንን የጠራችበት ቃል እዚህ አይጻፍም። ኩሬው አጠገብ ስትደርስ ነፋሱ ተቀየረ። ከላይ በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር መጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዟል። ነጭ የነበረው ፏፏቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ቀጥሎ የማሽላ አገዳና ቅጠል ይዞ ወረደ።

ሰለሞን ስልኩን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው።

«ዘሊካ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝለል!»

ዘለለ። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ወገቡ ደረሰ። እጁን ስትይዘው ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣና ቀዩ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያላጋ በፏፏቴው አናት ላይ ዘሎ ወረደ። ሰለሞንን እግሩን ጠለፈው። ዘሊካ በአንድ እጇ የሾላውን ሥር፣ በሌላው የሱን አንጓ ይዛ ተንጠለጠለች። ትከሻዋ ሊነቀል ደረሰ። ልልቀቀው ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባት፤ መጣባት፣ አይካድም። ውሃው ደረቷ ደረሰ። አንድ ክንድ ቢጨምር ሁለቱም አብቅቶላቸው ነበር።

አልጨመረም።

ምክንያቱ አልገባትም። ደራሽ ከመጣ እየጨመረ ነው የሚመጣው፤ የመጀመሪያው ግንባሩ ብቻ ነው፣ ዋናው ከኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ውሃው ደረቷ ላይ እንዳለ ቆመ፤ እንዲያውም ጣት በጣት ጎደለ። ሰለሞን እግሩ ድንጋይ አገኘ። ተያይዘው፣ በእንብርክክ፣ አፋቸው ጭቃ ጭቃ እያለ ወጡ። ላይ ሲደርሱ ዘሊካ መሬት ላይ ተዘርግታ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። አሥራ አንድ። ሰለሞን አጠገቧ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስልኩን ውሃ ወስዶታል፤ ስለ ስልኩ ግን ቃል አልተነፈሰም።

መምህርት መቅደስ ነጠላቸውን አልብሰዋት ይጸልዩላታል። እሷ ግን ጸሎቱን አልሰማችም። ጆሮዋ አሁንም ወደ ሜዳው ነበር። ጩኸት የለም። ይኸው ውሃ አልፎ እንኳ አንድም ድምፅ የለም። በአባቷ ተናደደች። እኔ ሳልጮህ አያልፍም ብሎኝ ነበር እኮ!

እንግዶቹን ሚኒባሱ ጋ አስቀምጣ፣ ሹፌሩን ጠብቅ ብላ፣ በእግሯ ወደ ጠለፋው ሄደች። ልትጮህበት ነበር የሄደችው። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ደረሰች።

የአባቷ ማሽላ የለም። ጠዋት ወገቧ ድረስ ቆሞ ያየችው ማሳ ቀይ ኩሬ ሆኗል፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። ጎን ለጎን ያለው የጋሽ ሞላ ማሳም እንደዚያው ነው። ጠለፋው ከዳር እስከ ዳር ተቀዶ፣ በልኩ ሊገባ የሚገባው ውሃ ወንዙን ትቶ በሙሉ ወደ ሁለቱ ማሳ ዞሯል። ሞላ የክት ልብሳቸው በጭቃ ቀልሞ ክትሩ ላይ ተዘርፍጠዋል። ታሂር የጁምዓ ቆቡን እንዳጠለቀ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

አባቷ አያት። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው።

«ጉሮሮው ተዘግቷል» አሉ ሞላ። «መስጊድ ውስጥ የኹጥባው ስብከት ሳያልቅ የጭቃ ሽታ ሸቶት ወጣ። እኔም እንደሱ ሸቶኝ ታቦቱን ትቼ ሮጥኩ፤ እዚህ ስንገናኝ ውሃው ደርሷል። ጮኸ፣ ጮኸ፤ ማን ይቀበለው? ሰው የለ። ድምፁ እዚያ ማዶ ዛፍ አልደረሰም። እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ወደ ገደሉ እንዳይወርድ ቀደድነው።»

«ማሽላው...»

«ማሽላውማ ሄደ።» ሞላ ፊታቸውን በጭቃ እጃቸው ጠረጉ። «መጀመሪያ የሱን ቀደደ፣ ከዚያ የኔንስ ብሎ አየኝ። ምን እለዋለሁ? እኔም ልጅ አለኝ።»

ታሂር እየተራመደ መጣና ትከሻዋን ያዘ። ከንፈሩን ጆሮዋ ላይ አስጠግቶ፣ በዚያ በተበጣጠሰ ድምፅ፦

«ስንት ነበራችሁ?»

«አሥራ አንድ። ከኔ ጋር አሥራ ሁለት።»

«ወጡ?»

«ሁሉም ወጡ፣ አባዬ።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ፤ እሱም አልተሰማም፣ ከከንፈሩ ነው ያነበበችው። ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ሁሉ ውሃ በላው። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። እሱም ጭቃ በጭቃ ሆኖ እንደ ልጅነቷ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

ብዙ ግን አላቆያትም። ክትሩ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ማሳው ውስጥ የተኛው ውሃ ቀስ ተብሎ ወደ ወንዙ ካልተለቀቀ ያለችውን አፈርም ይዟት ይሄዳል። ከገደሉ በታች ደግሞ የአፋር ግመሎች የሚሻገሩበት መልካ አለ። ውሃ ሊለቀቅ ሲል የውሃ አባት ወደ ታች ይጮሃል፤ ሕጉ ነው። ታሂር አካፋውን ክትሩ ላይ አሳርፎ፣ ወደ ገደሉ ዞሮ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ። ዓይኑ ደም መሰለ። ሞላን አየ፤ እሳቸውም በሩጫና በቁፋሮ ትንፋሻቸው አልቆ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘሊካ ሴት ለውሃ ስትጮህ ሰምታ አታውቅም። በዚያ ወንዝ ዳር ደራሽን የጠራች ሴት ኖራ አታውቅም። ክትሩ ላይ ወጣች፤ ከደረቷ ውሃው ያስቀረላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ ጮኸች።

«ደራሽ!»

ድምፁ በሜዳው ላይ ሄደ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሊጠፋ ሲል፣ ከጁምዓ ይመለስ ይሁን ከንግሥ፣ ከዚያ ማዶ ካለው ዛፍ ሥር አንድ ሰው ተቀበለው። ከሱ በታች ሌላው። ወደ ገደሉ፣ ከገደሉም በታች ወደ መልካው።

ታሂር ድምፁ መጨረሻ እስኪደርስ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። ከዚያ አካፋውን ለልጁ ሰጣት።