እግሬ ነው ያልሰማው

መኪናው እንደ በረገገ በቅሎ ሁለቴ ዘለለና ሞተሩ ጠፋ።

"ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ አላልኩም?" አለ አስተማሪው።

ልብስ ሰፊዋ መሪውን ጠበቅ አድርገው ጨበጡ። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ለመንጃ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ወድቀዋል፤ ሦስተኛው ፈተና ከነገ ወዲያ ነው። አስተማሪው የበኩር ልጃቸው እኩያ ቢሆን ነው። አብረዋቸው የጀመሩት ጎረምሶች በሦስት ቀን የጨበጡትን እሳቸው በሦስት ወርም አልሆነላቸው። አስተማሪው እንደ ልማዱ ከሀ ጀመረ፤ ይህ ማርሽ ነው፣ ይህ ፍሬን ነው...

"ልጄ፣" አሉ አቋርጠውት፣ "ይህንን አምስቴ ነግረኸኛል። ጆሮዬማ ሰምቷል። እግሬ ነው ያልሰማው።"

ሳቅ አመለጠው። "እግርዎ ታዲያ ምን ይሰማል?"

"እግሬማ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቷል!"

"የምን መኪና?"

"የስፌት ነዋ!"

ሊስቅ ከጀለና ተወው። "ስስ ጨርቅ ሲሰፉ እንዴት ነው የሚረግጡት?"

"ስስ ከሆነማ አልረግጥም፤ አባብላለሁ። መርፌው ጨርቁን ሲይዝ እግሬ ያውቀዋል። ያኔ ትንሽ ቆየት እልና እጨምራለሁ።"

"በቃ፣ አሁንም እንደዚያው ያድርጉ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ሲይዝ ብቻ ይንገሩኝ።"

ጫማቸውን አወለቁ። ሞተሩን አስነሱ። ዓይናቸውን ከፊት ሳይነቅሉ እግራቸውን ከፍሪሲዮኑ ላይ በዝግታ ማንሳት ጀመሩ።

"ያዘ፣" አሉ በሹክሹክታ።

መኪናው ውኃ ላይ እንዳለ ጀልባ ተንሸራተተ። የመለማመጃ ሜዳውን ሁለቴ ዞሩት። በሦስተኛው ዙር አስተማሪው፣ "ግን መንጃ ፈቃዱ ለምን አስፈለገዎት?" አላቸው።

"ባለቤቴ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። በሳምንት ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ይመላለሳል። ጎረቤት አንድ ሰሞን ያደርስልሃል፤ ከዚያ ይሰለቻል። የሰው ፊት ደግሞ እሳት ነው።"

አስተማሪው አንገቱን ደፋ። ሦስት ወር አጠገባቸው ተቀምጦ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

"ሐኪም ቤቱ በየት በኩል ነው?"

"ከገበያው አለፍ ብሎ ነው። ያ ዳገት! እሱን እንዴት እንደምወጣው እንጃ።"

የዛሬው ልምምድ ሜዳው ላይ በተተከሉት ቀያይ ምልክቶች መካከል ወደ ኋላ መንዳት ነበር። አስተማሪው ምልክቶቹን አየት አደረገና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"በሩን ክፈትልን!" አለው የግቢውን በር የሚጠብቀውን ዘበኛ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "የሐኪም ቤቱን መንገድ እኔ አላውቀውም። እርስዎ ይምሩኝ።"