የኢክራማ ውሃ

ከቆቦ ዋጃ በሚመላለሰው በሸረፈዲን ሚኒባስ ውስጥ፣ ከበሩ ጥግ፣ ውሃ የሞላ ጄሪካን አይጠፋም። አንገቱ ላይ ኩባያ በሲባጎ ታስሯል። የጠማው ሁሉ ይጠጣል፤ የራያን ቆላ ፀሐይ የቀመሰ ሰው ይህ ምን ያለ ሰደቃ እንደሆነ ይገባዋል። ተሳፋሪው ጠጥቶ ሲመርቀው፣ ሸረፈዲን «ለኢክራማ በሏት» ይላል።

ኢክራማ ልጁ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ፣ ወፍ ልትጠብቅ ከወጣችበት ማማ በጭንቅላቷ ወደቀች። ትንፋሿ አለ፣ ራሷን ግን አታውቅም። ሚኒባሱን ጓደኛው ሙህዲን ነዳ፤ እናቷ ራህመት ደግፋ ይዛት ከኋላ ተቀመጠች። ሸረፈዲን ሃይላንዱን ከፍቶ ውሃ በአፏ አንቆረቆረላት። ምን ያድርግ ታዲያ? በዚህ አገር ለወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚደርስለት ውሃ ነው፤ ነፍስ የምትወጣ ከሆነም በጥም አትውጣ ይባላል። ልጅቷ አንድ ሁለቴ ሳል አለች። ዋጠች፣ አልሐምዱሊላህ አለ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግን አልቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሸረፈዲን መጽናኛ ያቺው ጉንጭ ውሃ ሆነች። ልጄ ከእጄ ጠጥታ ነው የሄደችው፣ በጥም አልሄደችም እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል። ራህመት አሜን ትላለች፤ ቀና ብላ ግን አታየውም።

ዘንድሮ ማኅበራቸው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰርተፍኬት የሌለው ሾፌር ከመናኸሪያ አይወጣም አለ። ሾፌር ሆዬ አጉረመረመ፤ በስተርጅና ደብተር ያዙ ልንባል ነው ወይ ተባለ። ሸረፈዲን ግን ከመሪ በቀር እንጀራ የለውም፤ ተመዘገበ። የገረመው የራህመት ነገር ነው። ሥልጠናው ይቅርብህ፣ መኪናውንም ተወው፣ ሽንኩርት እየነገድን እንኖራለን ብላ አለቀሰች። ወይ ጉድ! የሰው ሚስት ባሏ ሥራ ሲፈታ ትጮኻለች፣ የሱዋ ሥራ ፍታ ብላ ታለቅሳለች። ሰይጣን ገባብን ብሎ ጥሏት ሄደ።

አሠልጣኟ ሲስተር ብሩክታዊት ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ሳቅ የማያጣት ልጅ ናት። ሾፌሮቹ የመለማመጃውን አሻንጉሊት በፋሻ ሲጠቀልሉት ዓይኑ እስኪጠፋ ስለሸፈኑት፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ብላ አሳቀቻቸው። ሸረፈዲንም ከልቡ ሳቀ። ቀጥላ፣ ከከፍታ የወደቀ፣ የሚተነፍስ ግን ራሱን የሳተ ሰው ብታገኙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ አለቻቸው። ይህንንማ ማን ብሎት! ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ውሃ አጠጣዋለሁ አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሌሎቹም ትክክል ነው አሉ።

«አይሰጠውም ጋሼ» አለች ብሩክታዊት ለስለስ ብላ። «ራሱን የሳተ ሰው አይውጥም። ውሃው ወደ ሳንባው ይገባና ያፍነዋል።»

ክፍሉ እንደ ነበረ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ ወንበር ይንቋቋል። ሸረፈዲን ብቻ እጁን ማውረድ ረሳ።

«ሳል ካለስ?» አላት። «ሳል ካለ ዋጠ ማለት አይደለም?»

«ትን ብሎት ነው ጋሼ። እየታፈነ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንጃ። አሻንጉሊቱን በጎኑ አስተኛው ሲሉት አስተኛው፤ አፉ ወደ መሬት እንዲሆን ቀስ አድርጎ አዘነበለው፤ ጉንጩንም በመዳፉ ደገፈው። ከሁሉ አብልጠህ ሠራህ ተብሎ ተጨበጨበለት። ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ራህመት ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ጠበቀችው። ወረቀቱን አላየችም፤ ፊቱን ነው ያየችው።

«ነገሩህ?» አለችው።

አጠገቧ ዘፍ አለ። ለካ ያን ቀን፣ እሱ መቃብር የሚቆፍር ሰው ሊጠራ ሲወጣ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ውሃ ሰጥታችኋት ነበር ወይ ብላ ራህመትን ጠይቃት ኖሯል። በአወዳደቋም ላትተርፍ ትችል ነበር ብላታለች። ራህመት ግን ሳሉን በገዛ ጭኗ ላይ የሰማች እናት ናት፤ ያኔውኑ ገብቷታል። ሆድ ይፍጀው ብላ ይኸው እስከ ዛሬ ቻለችው።

«በዚያች ውሃ ስትጽናና አየሁህ» አለች። «ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንቅልፍ ይተኛ ብዬ ነው፣ ሸረፉ።»

ሸረፈዲን ጎረቤት እስኪሰማ አለቀሰ። ልጁ በሞተች ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

ጠዋት ጄሪካኑን ከሚኒባሱ አውጥቶ ሊጥለው ሲል ራህመት ተቀበለችው። ውሃው ምን አጠፋ፣ የነቃ ሰው ይጠማል ብላ እንደ ወትሮው ሞልታ መለሰችው። ዋጃ ላይ አንዲት አሮጊት ጠጥተው ከጥም ያውጣህ ልጄ ብለው መረቁት። ለኢክራማ በሏት ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ተወውና ኩባያውን ከእጃቸው ተቀበለ።