በጎን የታሰረው መልህቅ

አሰጋሽ ውሃ መፍራት የጀመረችው በልጅነቷ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቤተሰቧን ከወሎ ወደ ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ለሰፈራ ሲያመጡት፣ የጫናቸው መኪና አንድ ወንዝ መሐል ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመ። ውሃው በጣውላው ስንጥቅ እየገባ እግሯን ሲያቀዘቅዘው፣ ሰዉም ሲጯጯህ፣ የእናቷን አንገት ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር። የሞተ ሰው አልነበረም። ትራክተር መጥቶ ጎትቶ አወጣቸው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ከጉልበቷ በላይ ውሃ ገብታ አታውቅም። ሚዛን ተፈሪ አግብታ፣ ወልዳ፣ ምግብ ቤት ከፍታ ስትኖር ድልድይ እንኳ የምታልፈው የባጃጁን ብረት ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው።

የሚገርመው የምግብ ቤቷ ስም የወጣው በዓሣ ነበር። ዓሣው ከጋምቤላ በበረዶ ሣጥን ሆኖ በአውቶቡስ ይመጣል፤ እሷ ትጠብሰዋለች፣ ጉላሽ ትሠራዋለች፣ ሰው ከጎረቤት ከተማ ከአማን ድረስ እየመጣ ይበላላታል። በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ጥር ላይ ግን ዓሣ የሚልክላት ሰው ሥራውን ተወ። ሌሎቹ የሚያመጡት መንገድ ላይ እየሸተተ ይደርሳል። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ወደ ሽሮና ወደ ጥብስ ቤቶች ዞሩባት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ወንበር እየወለወለች መዋል ጀመረች።

ባሏ ከፈለኝ የጭነት መኪና መካኒክ ነው። በዚያው ሰሞን ወንዝ ሲያጠኑ የከረሙ ፈረንጆች መኪናቸው ተሰብሮባቸው እሱ ጋራዥ ገቡና ጠግኖ ሸኛቸው። እነሱም ወዳገራቸው ሲመለሱ ከዕቃቸው መሐል አንዲት ጀልባ ትተውለት ሄዱ። ካያክ ይሏታል፤ ከፕላስቲክ የተሠራች፣ እንደ ሙዝ ቀጠን ብላ የረዘመች፣ አንድ ሰው ብቻ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ብርቱካንማ ጀልባ ናት። ከፈለኝ አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ቤት ሲያመጣት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ።

«ወንዙ እዚሁ አጠገባችን እያለ የጋምቤላን ዓሣ ምን እንጠብቃለን?» አላት።

ለሙከራ ጀልባዋን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ወንዝ ወሰዷት። ከፈለኝ ግን ግዙፍ ሰው ነው። ገና ሲቀመጥባት ጀልባዋ ወገቧ ሰምጦ ጠርዟ ከውሃው እኩል ሆነ፤ ቀዘፋ ሳይጀምር ጭኑ ድረስ ራሰ። እየተሳደበ ወርዶ ጎኗ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ ያን ጊዜ ገና አነበበው። አንብቦም ቀና አለና ሚስቱን አያት። አሰጋሽ ቀጭን ናት።

«አይሆንም» አለችው፣ ሳይጠይቃት።

ብዙ ቀን አይሆንም እንዳለች ቆየች። በመጨረሻ ያሸነፋት የባሏ ልመና ሳይሆን የወንበሮቹ ባዶነት ነው። ስትስማማም ጀልባዋ ላይ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ እኔ ሳልመርጠው አልቀመጥም ብላ ነበር። ከፈለኝ ሳቀና እሺ አለ።

መጀመሪያ የጠየቀችው ከውሃ በላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ነው። ፈረንጆቹ የራሳቸውን ይዘው ሄደዋል። ከፈለኝ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ፣ ሸራ ውስጥ ሰፍቶ አመጣላት። አሰጋሽ ተቀብላ ጓሮ ያለው በርሜል ውስጥ ጣለችው። ሰደርያው ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ውሃውን እየጠጣ፣ እየከበደ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። በርሜሉ ላይ አጎንብሳ እስኪጠፋ ድረስ አየችው። ለብሳው ቢሆን ኖሮ ይዟት ነበር የሚወርደው። ሁለተኛውን ራሷ ሠራችው፤ ክዳናቸው ጥብቅ ያለ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ሰብስባ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ኪስ ኪስ አውጥታ፣ ደረትና ጀርባው ላይ ደረደረቻቸው። በርሜሉ ውስጥ በእጇ ብትደፍቀውም ዘሎ ይወጣል።

መቅዘፊያውን አናጢው መጀመሪያ ከከባድ እንጨት ሠራው፤ ትከሻዋ አልቻለውም፤ ከቀላል እንጨት አስቀየረችው። መንጠቆ ሲገዙ ከፈለኝ ትልልቁን ያነሳል፣ እሷ ትንንሹን ትመርጣለች። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ይይዛል፣ ትልቅ ዓሣ ደግሞ እኔን ይጎትተኛል ነው ምክንያቷ። ቢላዋም አስገዛችው፤ ክር ቢጠላለፍ ለመቁረጥ። ሳትመረምረው ያለፈችው ዕቃ መልህቁ ብቻ ነበር። ብረት የእሱ ጉዳይ ነው ብላ ለእሱ ተወችው። ከፈለኝም አንድ ያረጀ የመኪና ካምቢዮ ጥርስ በናይለን ገመድ አሰረና ሌላውን ጫፍ ጀልባዋ ጎን ላይ ካለው ቀለበት ጋር፣ መኪና ላይ ጭነት እንደሚያስር አድርጎ፣ ጥርቅም አድርጎ ቋጠረው።

ዓሣ የሚያጠምዱበትን ቦታ ያሳያቸው ባየ የሚባል የሸኮ ገበሬ ነው። ቡናውና የንብ ቀፎዎቹ ወንዝ ዳር ናቸው፤ ከፈለኝ የወፍጮ ሞተሩን ስለሚጠግንለት ይቀራረባሉ። ባየ ቁጥብ ሰው ነው። ወንዙ ታጥፎ ጸጥ የሚልበትን ሰፊ ቦታ በእጁ አመለከታቸውና ከዚያ በታች ድንጋይ አለ፣ አትውረዱ አላቸው። ወደ አሰጋሽ ዞሮም «እትዬ፣ ውሃ ላይ ቅጠል ሲበዛ ካየሽ፣ ላይ አገር ዘንቧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ውጪ» አላት።

የመጀመሪያው ቀን ከፈለኝ ጀልባዋን እንደ ጥጃ በረጅም ገመድ ይዞ ዳር ቆመ። አሰጋሽ ተቀምጣ ከመሬት ለቀቀች። ከሥሯ ያለው ፕላስቲክ ስስ ነው፤ ውሃው ከሥሩ ሲተራመስ አንድ ትልቅ እንስሳ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ይመስላት ነበር። ጀልባዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ጠርዙን ትጨብጣለች፣ ጠርዙን ስትጨብጥ ደግሞ የባሰ ትናወጣለች። ጸሎት እንኳ ጠፋባት። ስትወጣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

ቢሆንም ተመለሰች። ፍርሃቱ ሳይቀንስ እጇ ሥራ ለመደ። ትሉን መንጠቆ ላይ መሰካት፣ ክሩን ወርወር አድርጎ መጠበቅ፣ ክሩ ጣቷ ላይ ነዘር ሲያደርግ ቀስ አድርጎ መሳብ አወቀች። ባሏ ገመዱን ለቀቃት። አንድ ሁለት የቢልጫ ዓሣ፣ አንዳንዴም አምባዛ ይዛ መምጣት ጀመረች፤ ወንበሮቹም ቀስ በቀስ ሰው ያገኙ ጀመር። ሰው እንዴት ደፈርሽ ሲላት ፈገግ ትላለች እንጂ በየጠዋቱ እንደሚያስመልሳት ለማንም አልተናገረችም።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት፣ ፀሐይዋ ደምቃ ሳለ፣ ወንዙ መሐል መልህቋን ጥላ ተቀምጣ ነበር። ዓሣው ጥሩ ይዞላታል። የያዘችውን ከረጢት ውስጥ እየከተተች፣ ቦታ እንዲሰፋላት ቢላዋውንና ትርፍ ክሩን ከፊት ለፊት ባለው ባለ ክዳን ዕቃ መክተቻ ውስጥ፣ ከእግሯ ማዶ፣ ከተተቻቸው። ባየ ቀፎዎቹን ሊያይ ወደ ታች ወርዷል። ከፈለኝ ሾላ ዛፍ ሥር ጋደም ብሏል።

መጀመሪያ አንድ ቅጠል በጎኗ አለፈ። ከዚያ ሦስት አራት ሆኖ፣ ከዚያም ብትን የቡና ቅጠል፣ ጭራሮ፣ አረፋ። ውሃው መልኩን ቀየረ። አሰጋሽ ክሩን ጣለችና የመልህቁን ገመድ ሳበች። ገመዱ አልመጣም። ጥርሱ ከታች ድንጋይ ወይም ሥር ነክሷል። ደግማ ስትስብ ጀልባዋ ወደ ገመዱ ጎን አዘነበለችና ቀዝቃዛ ውሃ ጭኗ ላይ ፈሰሰ።

ከፈለኝ ተነሥቶ ሳቢው፣ ፍቺው እያለ ይጮሃል። ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረች፤ ውሃ የጠጣ ናይለን ድንጋይ ሆኗል፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ወንዙ በዓይኗ ሥር እያበጠ ነው። ደራሽ ውሃው በመጣ ቁጥር ገመዱ የጀልባዋን ጎን ወደ ታች ይጎትታል፣ ጠርዙ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ጀልባዋ ትከብዳለች። ቢላዋው መክተቻው ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ወደዚያ ለመድረስ መነሣት አለባት፤ ብትነሣ ትገለበጣለች። ያ የልጅነቷ መኪና፣ ያ የእግር ቅዝቃዜ፣ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ እዚህ ከተቀመጥኩ ከጀልባዋ ጋር እሰምጣለሁ።

የዓሣውን ከረጢት ማንገቻ ከእግሯ ላይ ፈታች። የሰደርያዋን ገመድ አጥብቃ አሰረች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ገመዱ ከሌለበት ጎን፣ ራሷን ወደ ውሃው ለቀቀች።

ውሃው ዋጣት፤ ጆሮዋ በድምፅ ሞላ፤ የት ላይ የት ታች እንደሆነ ጠፋባት። ወዲያው ግን ጠርሙሶቹ ብብቷን ይዘው ሽቅብ ገፏትና አፏ አየር አገኘ። ወንዙ በጀርባዋ አንጋልሎ ወሰዳት። ሰማይና የዛፍ ጫፍ ያልፋሉ። የባየን ድንጋዮች አሰበች። እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ፣ በእጆቿ እየቧጠጠች ወደ ዳር ወደ ዳር አለች። ከወንዙ መታጠፊያ በታች የከፈለኝን ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ የመጣው ባየ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ አቀበላት። መጀመሪያ ሳተችው። ሁለተኛውን ያዘች፤ ባየ ወደ ኋላ እየሄደ ጎትቶ ጭቃው ላይ አወጣት።

እያስመለሳት ቀና ስትል ያየችው ነገር ከራሷ መስጠም የባሰ አስደነገጣት። ከፈለኝ ሊከተላት ውሃ ገብቷል። ዋና አይችልም። ደረቱ ድረስ ቆሞ፣ የሾላውን ሥር በሁለት እጁ አንቆ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቅቶት ቀርቷል። ያ መኪና በትከሻው የሚያነሣ ሰው ፊቱ አመድ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ እሷ የወደቀችበትን ቦታ ብቻ ያያል። መውጣቷን አላየም።

በእንብርክኳም በእግሯም እያለች ደረሰች። ባየ ዘንጉን ሲዘረጋለት ከፈለኝ ሥሩን ለቆ ዘንጉን ለመያዝ አልደፈረም። ባየ ደጋግሞ ነገረው፤ የሰማ አይመስልም። አሰጋሽ ጭቃው ላይ ተኝታ እጇን ጸጉሩ ድረስ ዘረጋች።

«ከፈለኝ፣ እኔ ነኝ። ወጥቻለሁ። እየኝ» አለችው።

ዞሮ አያት። ብዙ ጊዜ እንዳላወቃት ሆኖ ቆየ። ከዚያ አንድ እጁን ለቀቀ፤ ዘንጉን ያዘ፤ ሁለቱ ተጋግዘው እንደ ግንድ ጎትተው አወጡት። ወጥቶ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ባየ ፊቱን ወደ ቡናው አዞረላቸው።

ደራሹ ጎደለና በማግስቱ ባየ ጀልባዋን እዚያው ገመዷ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሆዷ ጭቃ ሞልቶ አገኛት። ከፈለኝ ለልጆች የውሃ ገንዳ እናድርጋት እንጂ ሁለተኛ ወንዝ አታይም አለ። አሰጋሽ ለብዙ ቀን ውሃ ከማሰሮ ሲቀዳ ድምፁን ስትሰማ ትደነግጥ ነበር። ዓሣ የለም ወይ ብለው ለሚጠይቋት አልቋል ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ራሷ ጋራዥ ሄዳ መልህቁ ከጀልባዋ ጫፍ እንጂ ከጎኗ እንዳይታሰር፣ በአንድ ስበት የሚፈታ ቋጠሮ እንዲሆን፣ ቢላዋውም አንገቷ ላይ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያ እንዲበጅለት ነገረችው። ከፈለኝ መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሲጠይቃት መሬት መሬት እያየ ነው።

ጥያቄው እሱንም ውሃ እንድታስለምደው ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ውሃው ወገብ ድረስ ብቻ በሚሆንበት፣ ከሥሩ አሸዋ በሆነ የወንዙ ጥግ ገቡ። አንገቱን በመዳፏ፣ ወገቡን በሌላው ክንዷ ደግፋ በጀርባው አስተኛችው። ሰውነቱ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ተረከዙ አሸዋውን አልለቀቀም፤ ልቡ ሲመታ በክንዷ ይሰማታል። የእሷም እንዲሁ ይመታል።

«አትልቀቂኝ» አላት።

«አልለቅህም። አንተ ብቻ ተንፍስ።»

ተነፈሰ። ጆሮው ውሃ ውስጥ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም፤ ግን አንገቱ ትንሽ ላላ፣ እግሮቹም ከአሸዋው ተነሡ።